የልጅዎ መኪና ዘይት ይጠጣል? እንዲጠጣ ሆኖ ነው የተሠራው



ባለፈው ወር አንድ ታክሲ ነጂ ወንድማችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ወረፋ ላይ ሆነው ስልክ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የዕቁብ ዕጣ ሲወጣላቸው አምስት ሺህ ዶላር ቀንሰው ኮሌጅ ለገባው ልጃቸው መኪና መግዣ ሰጡት። እሳቸው ያሰቡት ኮሮላ ነበር። ልጁ ይዞ የመጣው ግን የ2008 ሞዴል ማዝዳ አርኤክስ-8 ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ቀይ፣ ሲረግጡት የሚያፏጭ የስፖርት መኪና። አባት ለሁለት ሳምንት አኮረፉ። ከዚያ እንደ አባት ነውና ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መለኪያውን ዘንግ ቢመዝዙት ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ላይ ወርዶ ተገኘ። መኪናው ከቆመበት ሥር የፈሰሰ ነገር የለም። «ተታለልን! ሞተሩ ዘይት ይበላል። ዛሬውኑ ልሽጠው ወይስ ወፍራም ዘይት ላድርግበት?» አሉኝ።

«አይሽጡት፤ ወፍራም ዘይትም አያድርጉበት» አልኳቸው። ምክንያቱን ሳስረዳ ወረፋቸው ደረሰና ስልኩ ተዘጋ። ስለዚህ የቀረውን በዚህ አምድ ልጨርስላቸው። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ይህ መኪና ዛሬ በርካሽ ስለሚገኝ ልጆቻችን ይወዱታል፤ አባቶች ደግሞ ሃያ ዓመት ካምሪ ስለነዳን ስለ ሞተር ዘይት የማናውቀው ያለ አይመስለንም። እኔም አይመስለኝም ነበር። ያ እምነት ያስከፈለኝን ዋጋ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ የሞተሩን ነገር እንረዳ። በእርስዎ ታክሲ ውስጥ ያለው ሞተር ፒስተኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሱበት ነው። ዘይቱ ከታች፣ ቤንዚኑ ከላይ ይሠራል፤ በመካከላቸው ያሉት የፒስተን ቀለበቶች ዘይቱን እየጠረጉ ወደ ታች ይመልሱታል። ስለዚህ ጤነኛ የካምሪ ሞተር ዘይት ብዙም አያጎድልም። ዘይት መብላት ከጀመረ የእርጅና ወይም የሕመም ምልክት ነው። እዚህ ላይ አባትየው ትክክል ናቸው።

ሮታሪ የሚባለው ሞተር ግን ፒስተን የሚባል ነገር የለውም። በፒስተን ምትክ ጎኖቹ ትንሽ አበጥ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት አለ። ይህ ብረት መካከሉ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። ሦስቱ ጫፎቹ የቤቱን ግድግዳ እየነኩ ነው የሚዞሩት፤ በየጫፉ ላይ አየሩን የሚያፍኑ ቀጫጭን ብረቶች ተሰክተዋል። የሞተሩ ሕይወት በእነዚህ ቀጫጭን ብረቶች ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግድግዳውን በደረቁ ቢፍቁት እነሱም ያልቃሉ፣ ግድግዳውም ይቦጫጨራል፤ እመቃው ይወርድና መኪናው አልነሳ ይላል።

ታዲያ ማን ያለሰልሳቸዋል? መልሱ እዚህ ላይ ነው። የማዝዳ መሐንዲሶች አንዲት አነስተኛ ፓምፕ አስቀምጠዋል። ፓምፗ ከሞተሩ ዘይት ላይ ጠብታ ጠብታ እየወሰደች ቤንዚኑ ወደሚቃጠልበት ክፍል ትረጫለች። ያ ዘይት ጫፎቹን አለስልሶ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠልና በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ወደ ኋላ የሚመለስ የለም። እንግዲህ የጎደለው ዘይት አልፈሰሰም፣ አልተሰረቀም፤ ሥራውን ሠርቶ ነው የሄደው። እንዲያውም ሮታሪ ሞተር ያለው ሰው መፍራት ያለበት ዘይቱ ምንም ሳይጎድል ብዙ ማይል ከሄደ ነው። ያን ጊዜ ፓምፗ ወይም ቧንቧዋ እየሠራች እንደሆነ ማስመርመር ያስፈልጋል።

የዚህ ሞተር ታሪክ በራሱ አንድ አምድ ይሞላል፤ እኔ ግን በአጭሩ ላልፈው። ሐሳቡ የጀርመናዊው የፌሊክስ ቫንክል ነው። የመጀመሪያው የሙከራ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1957 ኤንኤስዩ በተባለው የጀርመን ፋብሪካ ተነሣ። ይኸው ፋብሪካ በ1967 ሮ 80 የተባለች ውብ መኪና አወጣ፤ በዓመቱም በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለች። ነገር ግን እነዚያ የጫፍ ብረቶች ቶሎ እያለቁ ፋብሪካው በዋስትና ሞተር ሲቀይር ገንዘቡ አለቀ። በ1969 ወደ ፎልክስዋገን ቤት ገባና ነገሩ በዚያው ቀረ። በጃፓን ግን ማዝዳ ያንኑ ፈቃድ ገዝቶ፣ በኬንኢቺ ያማሞቶ የሚመሩ መሐንዲሶችን መድቦ ታግሎበታል። ኮስሞ ስፖርት በ1967፣ አርኤክስ-7 ከ1978 እስከ 2002፣ አርኤክስ-8 ከ2003 እስከ 2012 ተሠሩ። በ1991 በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈችው ማዝዳም ባለ ሮታሪ ሞተር ነበረች። በ2023 ደግሞ ያው ፋብሪካ ሮታሪ ሞተርን እንደገና መሥራት ጀምሯል፤ አሁን ግን ጎማ ለማዞር ሳይሆን ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ መሙያ ነው።

ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። በ2011 በሰሜን ቨርጂኒያ ሁለት መኪና ብቻ የሚይዝ ጋራዥ ነበረኝ። ደንበኞቼ በአብዛኛው ታክሲዎች ነበሩ። አንድ የማውቃቸው እናት ልጅ አርኤክስ-8 ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ዘይት ቀይርልኝ» አለኝ። ከመደርደሪያው ላይ ለአሮጌ ታክሲዎች የማደርገውን 20ደብሊው-50 አነሳሁ። ለምን? በአዲስ አበባ ያስተማረኝ መካኒክ «ዘይት የሚበላ ሞተር ወፍራም ዘይት ይድረሰው» ይል ነበርና ነው። ልጁም ዘይት እንደሚያጎድል ነግሮኛል። ቀየርኩለትና «በአምስት ሺህ ማይል ተመለስ» ብዬ በመስተዋቱ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። የዘይት መለኪያውን በየጊዜው እይ አላልኩትም።

በሦስት ሺህ ምናምን ማይል ላይ፣ በጥር ብርድ፣ መኪናው ተጎትቶ መጣ። የዘይት መለኪያውን ብመዝዘው ደረቅ ነው። «መብራት አልበራም ወይ?» ብለው «በርቷል፤ ግን አንተ የለጠፍከው ወረቀት ገና ነው ስለሚል ሰርቪስ ያልደረሰ መስሎኝ ተውኩት» አለኝ። የእኔን ወረቀት ከመኪናው መብራት ይልቅ አመነ። ሞተሩ ሲፈታ ዘንጉ የሚዞርባቸው ብረቶች ተልጠዋል፤ የጫፎቹም ብረቶች አብቅተዋል። የተገነባ ሞተር ማስገባት ከመኪናው ዋጋ ጋር ይቀራረብ ነበር። እናትየው አልከሰሱኝም፤ ቡና አፍልተው ጠሩኝና «ልጄ ሁለት ክረምት ሠርቶ የገዛው ነው» ብቻ አሉኝ። ግማሹን ከፈልኩ። የዚያ ዓመት የገና ገንዘቤ በዚያ ሄደ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው የተማረ ሰው ሆኜ ሳይሆን የከፈለ ሰው ሆኜ ነው። የእኔ አስተያየት አንድ ነው፤ ለዚህ መኪና ዘይት መምረጥ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ዘይቱ መኖሩን ማየት ነው። የቁጥሩና የስሙ ክርክር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ልጆቹ ግን ከኋላው ይጀምራሉ። ስለ ዘይት ስም ሌሊቱን ሙሉ ይከራከራሉ፤ ጠዋት ኮፈኑን የሚከፍት የለም።

ቤንዚን በሞሉ በየሁለተኛው ጊዜ የዘይት መለኪያው ይታይ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይጥፋ፤ ዘይቱ እስኪወርድ አምስት ደቂቃ ይጠበቅ፤ መለኪያው ተመዝዞ ይጠረግ፣ እንደገና ይገባና ይነበብ። ጎድሎ ከሆነ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ማየት እንጂ ጠርሙሱን ሙሉ መገልበጥ አይገባም። ከላይኛው ምልክት ካለፈ ትርፉ ዘይት ወደ አየር መሳቢያው ይገባና ሌላ ጣጣ ያመጣል። በመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ደግሞ አንድ ኳርት ሁልጊዜ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ከስምንት ደቂቃ አይበልጥም። በታክሲ ወረፋ ላይ ስንት ስምንት ደቂቃ ቆመን አሳልፈናል?

አሁን ወደ ቁጥሩ። 5ደብሊው-20 ሲል የመጀመሪያው ቁጥርና ደብሊው የምትባለው ፊደል ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራሉ፤ ፊደሏም የክረምት ምልክት ናት። ሁለተኛው ቁጥር ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ነው። አገር ቤት «አርባ ቁጥር» ብለን የምንጠራው ይህን ሁለተኛውን ነው። በአዲስ አበባ ጥዋት ብርድ ቢሆንም ውኃ የሚያግድ ብርድ ሁልጊዜ አይደለም፤ በሚኒያፖሊስ ወይም በስቶክሆልም ጥር ግን ሌላ ነው። 20ደብሊው-50 በእንዲህ ያለ ብርድ እንደ ማር ይሆናል፤ ሞተሩ ተነሥቶ እስኪደርሰው ድረስ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ለአርኤክስ-8 በአሜሪካ የመኪናው መጽሐፍ የሚያዘው 5ደብሊው-20 ነው። ይኸው ሞተር በአውሮፓ ሲሸጥ ግን መጽሐፉ 5ደብሊው-30 ይላል። አንድ ሞተር፣ ሁለት ቁጥር! ምክንያቱ ላይ ብዙ ሐሜት አለ። በአሜሪካ ፋብሪካዎች የነዳጅ ቁጠባ ሕግ ስላለባቸው ቀጭን ዘይት ይመርጣሉ የሚለው አባባል ለእኔ ይዋጥልኛል። ስለዚህ በበኩሌ በክረምት መጽሐፉ ያዘዘውን፣ በጋ ሲከር ደግሞ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ 5ደብሊው-30 ቢያደርጉ አልቃወምም። ከዚያ በላይ ለመሄድ ግን የሚያውቅ ሰው ምክር ያስፈልጋል። አሮጌ አርኤክስ-7 ያላችሁ ነገሩ ይለያል፤ የእናንተ መጽሐፍ እንደ አየሩ ሙቀት የሚመረጥበት ሰንጠረዥ ስላለው እሱን ተመልከቱ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዚህ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ማለስለስ ብቻ አይደለም ሥራው። የሚዞሩትን ባለ ሦስት ማዕዘን ብረቶች ከውስጥ የሚያቀዘቅዛቸው እሱ ነው፤ ለዚህም ነው ከፊት ለፊቱ የራሱ የዘይት ማቀዝቀዣ የተሰጠው። ዘይቱ በጎደለ ቁጥር የቀረው ጥቂት ዘይት ያንኑ ሁሉ ሙቀት ይሸከማል። ባለ ማኑዋል አርኤክስ-8 ቀይ መስመሩ 9,000 ዙር ላይ ነው። ከእርስዎ ካምሪ ጋር አያወዳድሩት።

ሲንተቲክ ወይስ ተራ ዘይት? እዚህ ላይ ወጣቶቹ ይጣላሉ። የቆየው አባባል ሲንተቲክ ዘይት በሮታሪ ሞተር ውስጥ ሲቃጠል ንጹሕ ሆኖ አያልቅም፣ ቅሪት ይተዋል የሚል ነው። በአንጻሩ ኢዴሚትሱ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለሮታሪ ሞተር ብሎ የሠራውን ሲንተቲክ ዘይት ይሸጣል፤ ስለዚህ «ሲንተቲክ ሁሉ መርዝ ነው» የሚለው አያስኬድም። የእኔ ፍርድ የነጋዴ ፍርድ ነው። ይህ መኪና ዘይቱን እያቃጠለ የሚሄድ ነው፤ የቀረው ዘይት ውስጥም ቤንዚን ይገባበታል። ስለዚህ ውድ ዘይት ገዝቶ አሥር ሺህ ማይል ከማቆየት ይልቅ ጥሩ ደረጃ ያለው ተራ ዘይት ገዝቶ በየሦስት ሺህ ማይሉ መቀየር ይሻላል እላለሁ። መጽሐፉ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይሰጣል፤ እኔ ግን አልሰጥም። ልጅዎ የተማሪ ኪስ ካለው ገንዘቡ ለማጣሪያውና ለተደጋጋሚ ቅያሪው ይዋል።

ደግሞ ሌላ ነገር ይነግርዎታል፤ «አባዬ፣ ቤንዚኑ ላይ ዘይት እቀላቅላለሁ» ይላል። አይደንግጡ። ለአንዳንድ ሞተር ሳይክልና ለዛፍ መቁረጫ መጋዝ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለውን ባለ ሁለት ስትሮክ ዘይት ማለቱ ነው። ብዙ የሮታሪ ባለቤቶች የጫፍ ብረቶቹን ተጨማሪ ለማለስለስ በቤንዚን ታንከሩ ውስጥ ጥቂት ይጨምራሉ። የመኪናው መጽሐፍ አያዝም፤ እኔም አላዝም፣ አልከለክልምም። የምከለክለው ሁለት ነገር ነው። ተራውን የሞተር ዘይት ቤንዚን ታንከር ውስጥ መጨመር አይሆንም። ደግሞም «ቤንዚኑ ላይ ጨምሬያለሁና» ብሎ የዘይት መለኪያውን መርሳት አይሆንም። ዘንጉን የሚያለሰልሰው ከታች ያለው ዘይት እንጂ በታንከሩ ውስጥ ያለው አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ አባቶች ጥፋት። ታክሲዎ ከጓሮ ቆሟል፤ የልጅዎ መኪና ከኋላው ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ለአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ መውጣት አለብዎ። ልጁ ተኝቷል። ቁልፉን ያነሳሉ፤ ቀዝቃዛውን መኪና ያስነሳሉ፤ ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ያደርጉና ያጠፉታል። በካምሪ ይህ ምንም አይደለም። በሮታሪ ግን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ብዙ ቤንዚን ይረጫል። ሳይሞቅ ሲጠፋ ያ ቤንዚን ውስጡ ይቀራል፤ ካንዴላዎቹን ያረጥባል፤ በጫፎቹ ላይ ያለውንም ዘይት ያጥበዋል። ጠዋት ልጁ ቢያስነሳው አይነሣም። «አበላሸኸው!» «አንተ ነህ ያበላሸኸው!» የሚል ጠብ የተነሣባቸውን ቢያንስ ሦስት ቤቶች አውቃለሁ። መኪናውን ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከፍ እስኪል ድረስ እንዲሠራ ይተዉት፤ ከዚያ ያጥፉት።

ገና ለመግዛት ላሰባችሁ አንድ ቃል። ማዝዳ ራሱ በአሜሪካ ከ2004 እስከ 2008 ላሉት አርኤክስ-8 ሞዴሎች የሞተሩን ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዝሞ ነበር። ሞተሩ ባይቸገር ኖሮ ይህን ያህል አያራዝምም። ያ ጊዜ አልፏል፤ ዛሬ ሞተሩ ቢሞት ከፋዩ ገዢው ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት እመቃውን አስለኩ። ተራው የእመቃ መለኪያ አይበቃም፤ የሦስቱንም ጎን ለየብቻ የሚያሳይ ለሮታሪ የተሠራ መለኪያ ያስፈልጋል። ያ የሌለው መካኒክ «ጥሩ ነው» ቢላችሁ የምስክርነቱ ዋጋ እንደ እኔ የ2011 ወረቀት ነው።

ይህን ሁሉ ስል ስለ ልጆቻችን መኪና ብቻ እያወራሁ የሚመስለው ታክሲ ነጂ ይኖራል። አይደለም። እኛ በራሳችን መኪና ላይ የምንሠራው ስሕተት የዚህ ግልባጭ ነው። ቶዮታ ቀጭኑን 0ደብሊው-20 ሲንተቲክ ዘይት ለሚጠቀሙ መኪኖቹ «በየ10,000 ማይል ወይም በየዓመቱ» ይላል። ይህን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ከገጹ ዝቅ ብሎ ግን ሥራቸው ከባድ ለሆኑ መኪኖች 5,000 ማይል ወይም ስድስት ወር የሚል አለ። ከባድ ሥራ ምን እንደሆነ ሲዘረዝር ብዙ ቆሞ ማሠራትንና በዝግታ ረጅም መንገድ መሄድን ጠቅሶ፣ ለምሳሌ ፖሊስና ታክሲ ይላል። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ መጽሐፉ በስም የጠራው እርስዎን ነው! ኡበርም ቢነዱ ሞተሩ ልዩነቱን አያውቅም። እንግሊዝኛው በደቃቅ ፊደል ስለተጻፈ አላየነውም ማለት ሞተሩን አያድነውም። ልጆቻችን ኮሌጅ ገብተው የለ? ያንን ገጽ አንድ ምሽት ያንብቡልን።

ሌላው የማያውቁት መብት ነው። አንድ የመኪና መሸጫ ውስጥ «ዘይቱን እዚህ ካልቀየርክ ዋስትናህ ይቀራል» ተብዬ አምኜ፣ ለሁለት ዓመት እጥፍ ዋጋ ከፍያለሁ። በኋላ ነው የተረዳሁት። ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ማግነሰን-ሞስ የተባለው የፌዴራል ሕግ፣ አገልግሎቱን በነጻ ካልሰጡ ወይም ልዩ ፈቃድ ከሌላቸው በቀር እንዲህ ያለውን ማስገደድ አይፈቅድም። በራስዎ ጓሮ መቀየር ይችላሉ፤ የወገን ጋራዥ ዘንድ መቀየርም ይችላሉ። ግን የዘይቱን ደረሰኝ፣ ቀኑንና ማይሉን በአንድ ፖስታ ውስጥ ያኑሩ። ሞተሩ በዋስትና ዘመኑ ቢታመምና ዘይቱ መቀየሩን አሳየን ቢሉዎ የሚያወጡት ያንን ፖስታ ነው።

የነዳጅ ማደያና የሱቅ ባለቤቶችም ከዚህ አታመልጡም። አከፋፋዩ ርካሽ ዘይት ሲያመጣላችሁ የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ክብ ምልክት ካለበት በውስጡ ያለውን ደረጃ እዩ፤ በ2020 የወጣው ደረጃ ኤስፒ ይባላል። «ኤስኤ» የሚል ካያችሁ መልሱለት። ኢንስቲትዩቱ ራሱ ከ1930 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች አይሆንም የሚለው ዘይት ነው። «ኤስኤፍ» ደግሞ ከ1988 ወዲህ ላሉት አይሆንም። እንዲህ ያለው ጠርሙስ ዛሬም በርካሽ መደብሮች መደርደሪያ ላይ አይጠፋም። በአንድ ጠርሙስ ላይ አንድ ዶላር ታተርፋላችሁ፤ ገዢው ግን ማታ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገባችሁ የሚቆመው ሰው ነው።

ጋራዥ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ እኔ ያላደረግሁትን አድርጉ። ሮታሪ ሞተር ያለው መኪና ሲመጣ በደረሰኙ ላይ ያደረጋችሁትን የዘይት ቁጥር ጻፉ። ከሥሩም «ይህ ሞተር ዘይት ያቃጥላል፤ ቤንዚን በሞሉ በየሁለተኛው ጊዜ ይታይ» ብላችሁ ጽፋችሁ አስፈርሙ። በመስተዋቱ ላይ የምትለጥፉትም ወረቀት ይህንኑ ይበል። ሥራውን የማታውቁት ከሆነ «አላውቀውም» በሉ። እኔ ያን ቀን አላውቀውም ብል ኖሮ የማጣው የአንድ ዘይት ቅያሪ ዋጋ ብቻ ነበር።

ወደ ወረፋው ወንድማችን ልመለስ። መኪናውን አይሽጡት፤ መጀመሪያ እመቃውን ያስለኩ። ጥሩ ከሆነ ዘይቱን በመጽሐፉ ቁጥር ይቀይሩና ልጁን አጠገብዎ አቁመው የዘይት መለኪያውን እንዴት እንደሚነበብ ያሳዩት፤ ይህን ከእርስዎ የተሻለ የሚያስተምረው የለም። ከዚያ ወዲያ ሥራው የእሱ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታክሲዎን ማውጣት ሲኖርብዎ ግን መኪናውን አይንኩት፤ ልጁን ይቀስቅሱት።